ከሸርማን ወጥመድ እስከ ማርክ ሶፍትዌር፦ የአይጥ ቆጠራ ዕቃዎች ሲፈተሹ

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። በአንደኛው ዙር 48 አይጦች ተይዘው፣ ምልክት ተደርጎባቸው ተለቀቁ። በሁለተኛው ዙር 52 ተያዙ፤ ከእነዚህ 19ኙ ምልክት አላቸው። ጠቅላላውን ብዛት ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች በሚገምተው በቻፕማን ቀመር 49ን በ53 አባዝተን ለ20 እናካፍልና 1 እንቀንሳለን፤ ወደ 129 አይጥ ይወጣል። አሁን ከ52ቱ ውስጥ 3ቱ በመሃል የጆሮ ታጋቸውን ጥለው እንደ አዲስ የተመዘገቡ ነበሩ እንበል። እውነተኛው የዳግም ተያዦች ቁጥር 22 ነበር ማለት ነው፤ ግምቱም 112 ይሆናል። ሦስት የወደቁ ቁራጭ ብረቶች የሌሉ 17 አይጦች ወለዱ።

የዚህ ግምገማ ሚዛን ይኸው ስሌት ነው። የምንፈትሻቸው ዕቃዎች አምስት ናቸው፦ ታጣፊው የሸርማን ወጥመድ፣ የሞኔል ጆሮ ታግ፣ ከቆዳ ሥር የሚገባው ቺፕ ፒት ታግ ከነማንበቢያው፣ ማርክ የተባለው ሶፍትዌርና አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ የሚሠራው ሴክር። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ሁለቱ ሶፍትዌሮች በነጻ የሚወርዱ፣ በዘርፉ አቻቸው የማይገኝ መሣሪያዎች ናቸው፤ ሆኖም በጫካው ውስጥ የተበላሸውን አያቃኑም። ገንዘብ ያለው ወጥመዱና ታጉ ላይ ያውለው። ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ርካሽ ታግ ይገዛና ሦስት ወር ሙሉ ከሞዴል ጋር ይታገላል።

ሸርማን

ዕቃው ከአሉሚኒየም ወይም ከጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ የተሠራ ሣጥን ነው። በብዛት የሚሠራበት መጠን 7.6 በ8.9 በ22.9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ረዘም ያለው ደግሞ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የፊት በሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ወለሉ ላይ ይተኛና በመርገጫው ጫፍ ባለች ትንሽ ምላስ ይያዛል። እንስሳው ወደ ኋላ ወዳለው ምግብ ሲያልፍ መርገጫውን ይጫናል፤ ምላሷ ትለቃለች፣ ሞላው በሩን ወደ ላይ ይወረውረዋል። ከዚህ የቀለለ አሠራር የለም። ሲታጠፍ እንደ ደብተር ስለሚሳሳ አንድ ሰው ብዙ ደርዘን ወጥመድ በጀርባው ተሸክሞ ይወጣል። የማይታጠፈው ዓይነት ማጠፊያ ስለሌለው ዕድሜው ይረዝማል፤ መኪና እስከ ቦታው ድረስ የማይገባ ከሆነ ግን ባይታሰብ ይሻላል።

ድክመቱ የሚጀምረው ከመርገጫው ነው። ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ወጥመዶች እኩል አይነቁም። አንዱ ሲተነፍሱበት ይዘጋል፤ ሌላው 15 ግራም አይጥ ገብታ፣ በልታ፣ ተጣጥባ እስክትወጣ ዝም ይላል። ስለዚህ ከመዘርጋት በፊት እያንዳንዱን ወጥመድ በክብደት መፈተን የግድ ነው። በአካባቢው ይኖራል ተብሎ የሚጠበቀው ትንሹ እንስሳ 8 ግራም ከሆነ፣ 8 ግራም የሚመዝን ነገር (በሚዛን የተለካ የአሸዋ ከረጢት ይበቃል) መርገጫው ላይ ቀስ ብሎ ያርፋል። በሩ ካልተዘጋ ምላሷ ጥቂት ወደ ኋላ ትገፋለች፤ ሣጥኑን በጣት መታ ሲያደርጉት ብቻ ከተዘጋ ደግሞ ወደ ፊት ትመለሳለች። 100 ወጥመድ መፈተን ለሁለት ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህን የዘለለ ሰው የሚያጠምደው ከባድ ከባዱን ብቻ ነው። ግልገሎቹና ቀላሎቹ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ይላል፤ የመያዝ ዕድል ከእንስሳ እንስሳ ሲለያይ ደግሞ ግምቱ ሁልጊዜ ከእውነቱ በታች ይወርዳል። ምክንያቱም ዳግም ወጥመድ የሚገቡት እነዚያው የመጀመሪያዎቹ ስለሚሆኑ የምልክት ያላቸው ድርሻ ከሚገባው በላይ ጎልቶ ይታያል።

ሁለተኛው ጣጣ ፍርፋሪ ነው። የለውዝ ቅቤ ከአጃ ጋር ተለውሶ የሽምብራ ፍሬ በሚያህል ድቡልቡል መቀመጥ ያለበት ከመርገጫው በስተኋላ፣ ከኋላው በር ሥር ነው። ከመርገጫው ሥር የገባ አጃ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይደግፈዋል፤ ወጥመዱ ከውጭ ሲያዩት የተዘረጋ ይመስላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ግን ሞቶ ያድራል። ጠዋት ወጥመዱን ሲያነሱ ምግቡ ተበልቶ በሩ ክፍት ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ጉንዳንም ምግቡን ጠራርጎ ይወስዳል፤ ይባስ ብሎ የተያዘችውን አይጥ ይነክሳል። የጉንዳን መንገድ ላይ ያረፈን ወጥመድ አንድ ሜትር ማራቅ መርዝ ከመርጨት ይሻላል።

ሦስተኛው የማጠፊያዎቹ ዘንግ ነው። ወጥመድ በእግር ከተረገጠ ወይም በጆንያ ውስጥ ከተጨናነቀ ዘንጉ ይጎብጣል፤ በሩም ጥግ ላይ ጣት የማታስገባ፣ አይጥ ግን የምታስወጣ ክፍተት ትቶ ይዘጋል። በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «ተዘግቶ ባዶ» የሚል ዓምድ ይኑር። አንድ የወጥመድ ቁጥር ሁለት ሌሊት በተከታታይ እዚያ ዓምድ ውስጥ ከገባ ወጥመዱ ይለወጥ። ይህ ዓምድ ሌላም ጥቅም አለው፤ በዚያ ሌሊት ስንት ወጥመድ በእርግጥ ሥራ ላይ እንደነበረ ይነግራል። 100 ወጥመድ 5 ሌሊት ሲዘረጋ በወረቀት ላይ 500 የወጥመድ ሌሊት ነው፤ ዝናብ የዘጋቸው 60 ከሆኑ ግን 500 ብሎ መጻፍ ውሸት ነው።

ጅራተ ረጅም ዝርያ ባለበት አጭሩን መጠን መግዛት አይበጅም፤ በሩ ጅራት ላይ ይዘጋል። ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ ምጣድ ስለሚሆን ወጥመዶቹ ንጋት ላይ ታይተው ቀን ላይ ይዘጉ፤ አመሻሹ ላይ እንደገና ይከፈቱ። በብርድ ሌሊት ጎጆ መሥሪያ ይገባል፤ እዚህ ላይ ጥጥ ሳይሆን ሰው ሠራሹ የትራስ ሙሌት ነው የሚመረጠው፣ ጥጥ ሽንትና ጤዛ ጠጥቶ እንስሳውን ይባስ ያቀዘቅዘዋልና። ሎንግወርዝ የተባለው የእንግሊዝ ወጥመድ በዚህ በኩል ሸርማንን ያስከነዳዋል። መግቢያ ዋሻውና መኝታ ሣጥኑ የተለያዩ ስለሆኑ ሣጥኑ ደረቅና ሞቃት ሆኖ ያድራል። አይታጠፍም፣ ቦታ ይበላል፤ በብርዳማ አገር ሥራው የሞት ቁጥርን መቀነስ ከሆነ ግን እሱን ያስቀድሙ።

ለማጠብ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይበረዝና ወጥመዱ ይነከራል። ከዚያ በንጹህ ውሃ በደንብ ይለቅለቅ፤ የቀረ በረኪና አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ጓንት የማይቀር ነው፤ አይጦች በሽንታቸውና በኩሳቸው ወደ ሰው የሚሻገሩ ቫይረሶች ይይዛሉ።

የጆሮ ታግ

ለትንንሽ አይጦች የሚውለው ቁጥር የታተመበት የሞኔል ቁራጭ ነው፤ ሞኔል የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ ስለሆነ አይዝግም። ከራሱ ፒንሳ ጋር ይሸጣል። ታጉ ፒንሳው አፍ ውስጥ ይገባል፤ ፒንሳው ሲጨመቅ ሹሉ ጫፍ ጆሮውን በስቶ በሌላው ጫፍ ቀዳዳ ያልፍና ይታጠፋል። ሥራው በሙሉ ያለው «ይታጠፋል» በሚለው ቃል ላይ ነው። እጅ ለእንስሳው አዝኖ ፒንሳውን እስከ መጨረሻው ካልጨመቀ ሹሉ ያልፋል እንጂ አይታጠፍም፤ ታጉም ለሁለት ቀን ቆይቶ በሦስተኛው ይወድቃል። ፒንሳው ሲያረጅ አፉ ይዛነፋል፤ ሹሉ ቀዳዳውን ስቶ ከጎን ይወጣል። አዲስ ሣጥን ታግ ሲከፈት አምስቱን በካርቶን ወረቀት ላይ መትቶ ጀርባቸውን በማጉያ መነጽር ማየት ጥሩ ልማድ ነው።

ቦታውም ልዩነት ያመጣል። ታጉ ጆሮው ሥር አጠገብ፣ ልስልሱ አጥንት ወፈር ባለበት ይገባል። ጫፍ ላይ ከገባ ቁጥቋጦ ይዞት ጆሮውን ይቀደዋል፤ በጣም ከጠበቀ ደግሞ ጆሮው ያብጥና ይቆስላል። ለእድገት ትንሽ አየር ይተውለት። የተቀደደ ጆሮ ያለው «አዲስ» አይጥ ሲገኝ እንደ አዲስ ከመመዝገብ በፊት ቅጹ ላይ «ጆሮ የተቀደደ» ተብሎ ይጻፍ። እንዲህ ያለችው መስመር ናት በኋላ ሰው የሚፈልጋት፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

የታግ መጥፋትን የሚለካው መንገድ ቀላል ስለሆነ የማያደርገው ሰው ምክንያት የለውም። ለእያንዳንዱ እንስሳ በሁለቱም ጆሮ ታግ ይደረግ። በኋላ ሲያዙ ሁለቱም ያሏቸው 40፣ አንድ ብቻ የቀራቸው 8 ቢሆኑ፣ የአንድ ታግ የመጥፋት ዕድል 8 ሲካፈል ለ88 ነው (88ቱ የሚመጣው 8 ላይ የ40ን እጥፍ በመደመር ነው)፤ ወደ 9 በመቶ። ሁለቱም የመጥፋታቸው ዕድል የዚህ ስኩዌር ስለሆነ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። በአንድ ታግ ብቻ ቢሠራ ኖሮ ከ100 ምልክት ያላቸው አይጦች 9ኙ እንደ አዲስ ይቆጠሩ ነበር። ስሌቱ የሚሠራው ግን አንዱ ታግ መውደቁ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ከሌለው ብቻ ነው። ጆሮዋን አጥብቃ የምታክ አይጥ ሁለቱንም ታጥላለች፤ ያን ጊዜ ቀመሩ ጥፋቱን አሳንሶ ያሳያል። ከሁለት የጆሮ ታግ ይልቅ አንድ የጆሮ ታግና አንድ ፒት ታግ ማጣመርን የምንመርጠው ለዚህ ነው፤ የሚጠፉበት ምክንያት የተለያየ ነው።

የማንበብ ስህተትም እንደ ታግ መጥፋት ነው። በግንባር ባትሪ ብርሃን 6ና 9፣ 3ና 8 ይመሳሰላሉ። አንዱ ያነባል፣ ሌላው የጻፈውን ጮክ ብሎ ይመልሳል። ተራ ነገር ይመስላል፤ በውሸት የተወለደች አንዲት «አዲስ» አይጥ ግን ድጋሚ መያዙን በአንድ ትቀንሳለች፣ ግምቱንም ወደ ላይ ትገፋለች።

ፒት ታግ

ይህ በመስታወት የተሸፈነ ባትሪ አልባ ቺፕ ነው። የተለመደው 12 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ክብደቱ ወደ 0.1 ግራም ነው። 8 ሚሊ ሜትሩ ለትንንሾች ይመረጣል፤ መርፌውም ቀጭን ነው፣ ቁስሉም ትንሽ። ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀው በ134.2 ኪሎ ኸርዝ ይሠራል፤ ሲነበብም 15 አሃዝ ያወጣል። ማንበቢያው ሲገዛ ይህ ቁጥር ይጣራ። የቆዩ በ125 ኪሎ ኸርዝ የሚሠሩ ታጎችና ማንበቢያዎች አሁንም ይዘዋወራሉ፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይነጋገርም። ማንበቢያው ዝም ሲል «ታግ የለውም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ስህተቱም ወደ ስሌቱ ይገባል።

አገባቡ፦ በትከሻዎች መካከል ያለው ቆዳ በሁለት ጣት ከፍ ይደረጋል፤ መርፌው ከአከርካሪው ትይዩ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ታጉ ከገባ በኋላ መርፌው ሲወጣ ቀዳዳው በጣት ለጥቂት ሰከንድ ተጨምቆ ይያዛል፤ ከዚያ አንድ ጠብታ የቆዳ ማጣበቂያ ይደረጋል። ከፒት ታጎች አብዛኞቹ የሚጠፉት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዚያችው ቀዳዳ ተመልሰው ሲወጡ ነው። ማጣበቂያውን «ጊዜ ይወስዳል» ብሎ የተወ ቡድን በሁለተኛው ሌሊት ባዶ የሚነበቡ አይጦች ያጋጥሙታል። ከመልቀቅ በፊት አንዴ ማንበብ ደግሞ ከጅምሩ የማይሠራ ታግን ይለያል።

አንድ ነገር ሻጮች አይናገሩም። አይጧ ሸርማን ውስጥ እያለች ማንበቢያውን ከውጭ ቢያስጠጉት ምንም አያነብም። የአሉሚኒየም ሣጥኑ ሞገዱን ይጋርደዋል። እንስሳው ወደ ጨርቅ ከረጢት ይዛወር፤ የእጅ ማንበቢያ ርቀቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከረጢቱ ላይ ቀስ ተብሎ፣ በተለያየ አቅጣጫ ይሳብ። ታጉ ወደ ማንበቢያው በጎኑ ሲዞር ላይነበብ ይችላል፤ አንዴ አልፎ «የለም» ማለት አይበቃም።

ውድ ነው፤ ታጉም ማንበቢያውም። ጥናቱ ሁለት ዙር ብቻ ሆኖ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ከሆነ ፒት ታግም የጆሮ ታግም ትርፍ ወጪ ነው። ዳሌ ላይ ጸጉር በመቀስ መቁረጥ መግቢያው ላይ ላየነው ዓይነት የሁለት ዙር ስሌት ይበቃል፤ ማን ማን እንደሆነ ማወቅ ሳያስፈልግ ምልክት አለው ወይስ የለውም ብቻ ነው የሚጠየቀው። ጸጉሩ ከሳምንታት በኋላ ያድጋል፣ እንስሳውም ምንም አይሆንም። ዕቃ ሻጭ ይህን አይመክርም።

ማርክ

ማርክ ለዊንዶውስ የተሠራ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በጋሪ ዋይት ተጻፈ። ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነ ነጻ መመሪያም አለው፤ መመሪያውን ሳያነብ ፕሮግራሙን የሚከፍት ሰው ብዙ ይሰቃያል። ሲከፈት የ1990ዎቹ ገጽታ አለው፤ በዚያ አይፍረዱበት። በተዘጋ ሕዝብ (በጥናቱ ጊዜ የሚወለድ፣ የሚሞት፣ የሚገባና የሚወጣ የሌለበት)፣ በክፍት ሕዝብ (ይህ ሁሉ ያለበት)፣ በሕይወት መቆየት ዕድልና የተዘጋውንና ክፍቱን በሚያጣምረው ዲዛይን ላይ የሚሰጠው የሞዴል ዓይነት ብዛት ሌላ ቦታ በአንድ ጣሪያ ሥር አይገኝም። አርን የለመደ ሰው አርማርክ በተባለው ጥቅል በኩል ስሌቱን ሊያዝ ይችላል፤ ሞዴል ሲበዛ በመዳፊት ከመልከስከስ ያድናል።

የመረጃ ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ አንድ መስመር ይይዛል፤ ለ5 ሌሊት 5 አሃዝ፣ 1 ተይዟል፣ 0 አልተያዘም። ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ድግግሞሽ፣ ነጠላ ሰረዝ ሳይሆን የእንግሊዝኛው ሴሚኮለን። «10110 1;» ማለት በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ4ኛው ሌሊት የተያዘ አንድ እንስሳ ነው። የሴሚኮለን መረሳት የመጀመሪያ ቀን ስህተቶች አለቃ ነው። ሌላው ከስፕሬድሺት ሲገለበጥ የሚመጣ ነው፦ «00110» የሚለው ቁጥር መስሎት መሪ ዜሮዎቹን ቆርጦ «110» ያደርገዋል። ዓምዱ አስቀድሞ የጽሑፍ ዓይነት ይደረግ።

ማርክ ሰውን የሚያታልልበት ቦታ አለ፤ ረጋ ብለን እንየው። በተዘጋ ሕዝብ ሞዴል ውስጥ ሁለት ዓይነት ዕድል አለ፤ የመጀመሪያ ጊዜ የመያዝና ዳግም የመያዝ። ፕሮግራሙ ሁለቱንም በየሌሊቱ ነጻ አድርጎ እንዲገምት ቢታዘዝ ያለ ቅሬታ ይሠራል፤ ውጤትም ያወጣል። ለምሳሌ በ5 ሌሊት ውስጥ በጠቅላላ 86 የተለያዩ አይጦች ተይዘው ከሆነ ጠቅላላ ብዛቱን 86.000 ብሎ ይሰጣል፣ መደበኛ ስህተቱም (ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚያሳየው ቁጥር) ዜሮ የሚባል። ይህ «ሁሉንም ያዝናቸው» ማለት አይደለም። የመጨረሻው ሌሊት የመጀመሪያ መያዝ ዕድል ከመረጃው ሊታወቅ ስለማይችል ስሌቱ 1 አድርጎት ቁጭ ብሏል፤ 1 ከሆነ ደግሞ ሳይያዝ የቀረ አይጥ የለም። ሁለቱ ዕድሎች በአንድ ሕግ መታሰር አለባቸው፦ እኩል ይሁኑ፣ ወይም በሁሉም ሌሊት በአንድ መጠን ይለያዩ። ገማቹ ከተያዙት ቁጥር ጋር እኩል የሆነ ውጤት ባየ ቁጥር መጀመሪያ ይህን ይጠርጥር። የሚያስቆጨው ይህ የተበላሸ ሞዴል አንዳንዴ ሞዴሎችን በሚያወዳድረው መለኪያ፣ በኤአይሲ፣ ሰንጠረዥ ላይ ከሌሎቹ በልጦ መቀመጡ ነው፤ ሰንጠረዡን ብቻ የሚያነብ ሰው ይመርጠዋል።

ወጥመድ የወደዱና ወጥመድ የፈሩ አይጦችን ልዩነት የሚይዘውም ይኸው ክፍል ነው። የለውዝ ቅቤውን የቀመሰች አይጥ በየሌሊቱ ትመጣለች፤ ድጋሚ መያዙ ይበዛል፣ ተራ ቀመር ብዛቱን ያሳንሳል። የፈራችው ደግሞ ትሸሻለች፤ ቀመሩ ያበዛል። ማርክ ሁለቱን ዕድል ለይቶ ስለሚገምት ይህን ያርማል፤ ግን በቂ ሌሊት ሲኖር ብቻ። የመያዝ ዕድሉ በሌሊት 0.3 ከሆነ በ5 ሌሊት ከ100 አይጥ 83ቱ ቢያንስ አንዴ ይያዛሉ። 0.1 ከሆነ 41 ብቻ። ከ0.1 በታች የሆነ ሥራ ላይ የተወሳሰበ ሞዴል መጫን ከንቱ ነው፤ ሌሊት ወይም ወጥመድ ይጨመር።

እንስሳት በተፈጥሯቸው እንደሚለያዩ የሚገምቱት የድብልቅ ሞዴሎች ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የተለያዩ የልዩነት ሞዴሎች አንዱን መረጃ እኩል አስማምተው ፈጽሞ የተለያየ ብዛት ሊሰጡ ይችላሉ፤ መረጃው አይዳኛቸውም። ከዚህ የሚሻለው የልዩነቱን ምንጭ መለካት ነው፤ ጾታ፣ ክብደት። ክብደትን እንደ መግለጫ ለማስገባት በማርክ ውስጥ የሃጊንስ ዓይነት ይመረጣል፤ ያልተያዘን እንስሳ ክብደት ማወቅ ስለማይቻል ስሌቱን በተያዙት ላይ ብቻ ይገነባል። የሃጊንስን ኤአይሲ ከሌላው ዓይነት ጋር ማወዳደር ግን አይቻልም፤ የተሠሩበት መሠረት ይለያያል።

ሴክር

ማርክ «ስንት?» ሲሉት ይመልሳል። «በሄክታር ስንት?» ሲሉት ግን የሚያሳፍር ነገር ይመጣል። 10 በ10 ወጥመድ በ10 ሜትር ልዩነት ሲዘረጋ የውጭ ጠርዙ 90 በ90 ሜትር ነው፤ 0.81 ሄክታር። 129ን ለዚህ ስናካፍል በሄክታር 159 አይጥ። ነገር ግን ከጠርዙ ውጭ የሚኖሩ አይጦችም ወደ ወጥመዱ ይመጣሉ። በዙሪያው 15 ሜትር ብንጨምር ስፋቱ 1.42 ሄክታር ይሆንና መልሱ 91 ይሆናል። 30 ሜትር ብንጨምር 2.17 ሄክታር፤ መልሱ 59። አንድ የመስክ ሥራ፣ አንድ ብዛት፣ ሦስት መልስ። ጨማሪው የፈለገውን ሊመርጥ ይችላል ማለት ነው።

በመሬይ ኤፎርድ የተጻፈው ሴክር ይህን ጥያቄ ከሥሩ ይፈታዋል፤ ዋጋው የሚታየውም እዚህ ነው። እያንዳንዱ አይጥ የት የት ወጥመድ ላይ እንደተያዘ ያነብና ሁለት ነገር ይገምታል፦ ወጥመዱ መኖሪያዋ መሃል ላይ ቢሆን የመያዝ ዕድሏን፣ እና ዕድሉ ከርቀት ጋር በምን ፍጥነት እንደሚወርድ። ሁለተኛው ሲግማ ይባላል፣ በሜትር ይለካል። ከሁለቱ ጋር ጥግግቱን በቀጥታ በሄክታር ያወጣል፤ በዙሪያው ስንት ሜትር ይጨመር የሚለው ሙግት ይቀራል።

ሁለት ፋይል ይፈልጋል። አንዱ የወጥመድ ስምና መጋጠሚያ፤ ሌላው በየመስመሩ ክፍለ ጊዜ፣ የእንስሳ መለያ፣ ሌሊትና የወጥመድ ስም። እዚህ የሚደጋገመው ስህተት የጂፒኤስን ዲግሪ እንዳለ ማስገባት ነው። ሴክር ቁጥሩን ሜትር ነው ብሎ ስለሚወስድ 100ው ወጥመድ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ የተከመረ ይመስለዋል። መጋጠሚያው በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ ወደ ዩቲኤም፣ ይለወጥ፤ ወይም ገመድ ተዘርግቶ የተለካ ከሆነ 0፣ 10፣ 20 ብሎ መጻፍ ይበልጥ ይታመናል፤ የእጅ ጂፒኤስ በ5 ሜትር ሊስት ይችላልና ለ10 ሜትር ልዩነት ብዙ ነው።

የሚያሰላበት ዙሪያ ስፋት ሳይነኩት ከተተወ 100 ሜትር ነው። ለአይጥ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ርቆ ለሚሄድ እንስሳ ግን ጠባብ ነው። ደንቡ ቢያንስ የሲግማ 4 እጥፍ ነው፤ ሲግማ 10 ሜትር ከሆነ 40። ዙሪያውን እያሰፉ ደጋግሞ ማስላትና ጥግግቱ መውረዱን ሲያቆም ማየት አስተማማኝ ፈተና ነው። እየወረደ ከቀጠለ ገና ጠባብ ነው።

ወጥመዶቹ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ከሲግማ 2 እጥፍ መብለጥ የለበትም። ሲግማ 4 ሜትር በሆነበት ዝርያ 10 ሜትር ልዩነት ከተዘረጋ አይጧ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወጥመድ ብቻ ትያዛለች፤ ሴክርም ምን ያህል እንደምትንቀሳቀስ የሚያውቅበት ነገር ያንሰዋል። መልስ ይሰጣል፤ መደበኛ ስህተቱ ግን በጣም ትልቅ ሊሆን ይችላል። ዝርያው የማይታወቅ ከሆነ መጀመሪያ ለሁለት ሌሊት 25 ወጥመድ ቀረብ ቀረብ አድርጎ ማየት ያዋጣል። ድጋሚ መያዝ ከ20 በታች ከሆነ ከሴክር ብዙ አይጠበቅ።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለው። ሸርማን አንድ አይጥ ከያዘ በኋላ ለሌላው ዝግ ነው፤ ሴክር ለዚህ ዓይነት ወጥመድ የተሟላ ስሌት ስለሌለው ብዙ እንስሳ የሚይዝ ወጥመድ እንደሆነ ቆጥሮ ይሠራል። ወጥመዶቹ በአብዛኛው ባዶ እያሉ ልዩነቱ ለጥግግት ግምት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጠዋት ከ100ው 90ው ተሞልቶ ከተገኘ ግን በየነጥቡ ሁለት ወጥመድ ማስቀመጥ ነው መፍትሔው።

ማን ምን ይያዝ

ሁለት ዙር፣ አንድ ሳምንት፣ ብዛት ብቻ ለሚፈልግ፦ ሸርማን፣ መቀስና ካልኩሌተር። ጥግግት ለሚፈልግ፦ ሸርማን፣ በሁለቱም ጆሮ ታግ፣ ሴክር። ለዓመታት የሚቀጥል፣ የመኖር ዕድልንም የሚጠይቅ ሥራ፦ ፒት ታግ ከአንድ ጆሮ ታግ ጋር፣ በየወቅቱ 5 ሌሊት፣ ማርክ። በዚህኛው ሥራ፣ ወጥመድ ውስጥ የሞተ እንስሳ በማርክ ፋይል ላይ ድግግሞሹ «-1» ተብሎ ይገባል፤ አለዚያ ፕሮግራሙ ተለቅቆ የጠፋ አድርጎ ይቆጥረውና የመኖር ዕድሉን ያወርደዋል።

100 ነጥብ ለሚዘረጋ ቡድን ሲታሸግ፦ 110 ወጥመድ፣ ሁለት ፒንሳ (አንዱ መዛነፉ አይቀርም)፣ ከሚጠበቀው እንስሳ ሁለት እጥፍ ታግና ለተበላሹት ጥቂት ትርፍ፣ 6 የጨርቅ ከረጢት፣ የማንበቢያው ትርፍ ባትሪ፣ በእርሳስ የሚሞላ ቅጽ። እስኪርቢቶ በጤዛ ይፈሳል።